አርባ ሰከንድ

ትራም ነው የምነዳው፣ በጎተንበርግ ከተማ፣
በረዶው ሳይረገጥ፣ ገና በጨለማ።
ከፊቴ ሰሌዳ አለ፣ ሰከንድ የሚቆጥር፣
ሰበብ የማያደምጥ፣ ደቂቃ የማይምር።
በዐሥራ አራት ዓመት፣ አንድ ቀን አላረፈድሁም፤
ለኪዳን ጸሎት ግን፣ እንጃ፣ አልመዘገብሁም።

ባለፈው መስከረም፣ መሥሪያ ቤቱ ልኮኝ፣
ሦስት ቀን ሥልጠና፣ ወንበር ላይ አውሎኝ፣
«ዋናው ይቅደም» አሉን፣ «አጣዳፊው ይቆይ፤
ከመነሣትህ በፊት፣ መድረሻህን እይ፤
መልስ ከመስጠት በፊት፣ ሌላውን አድምጠው።»
«የማርታና የማርያምን ማን ነገረው ይኼን ሰው?»
ብዬ እየገረመኝ፣
ደብተር ገዛሁ፣ ሰማያዊ፣ ሽፋኑ ጠንካራ፣
እሑድ እሑድ የሚጻፍበት፣ የደብራችን ሥራ።

አዳራሹ የኪራይ ነው፤ አራት ሰዓት ሲሆን
ወንበሩን በቦታው፣ ምንጣፉን ጠቅልለን፣
ለባለቤቶቹ አስረክበን እንወጣለን።
ሠንጠረዥ አወጣሁ፤ ቁልፉን ማን ይይዛል፣
ደጁ ላይ በረዶውን ማን ማልዶ ይጠርጋል፣
የታመመ ማን ያያል፣ ሕፃናቱን ማን ያስተምራል።
ሠመረ፤ አልዋሽም። አባ ጥዑመ ልሳን እንኳ፣ ምስጋና የሚቆጥቡት፣
«ክዳኑን ያገኘ ድስት!» ብለው ሠንጠረዡን በመስቀላቸው ነኩት።

ደብተሩ ውስጥ ግን አንዲት መስመር አለች፣
«ከዋኘው ጋር መታረቅ» የምትል፤
ሌላው ሁሉ ሲሰረዝ እሷ ትቀራለች፣
እሑድ ሲመጣ በአዲስ ገጽ ትገለበጣለች።
ዐሥራ ዘጠኝ እሑድ።
እንደ ባዶ ትራም፣ ሰዓቷን አክብራ
ታልፋለች፤ የሚወርድም የሚሳፈርም የለም ከእሷ ጋራ።

በጉባኤ ፊት ነበር፤ «ስድስት መቶ ክሮና
ከማሞቂያው ሒሳብ ጎድሏል» አልሁና
ዐይኔን ዐይኑ ላይ ተከልሁ። አፉን ከፈተ፤ አላስጨረስሁትም።
ደረሰኙ ኋላ ከገዛ ካፖርቴ ኪስ ወጣ፤ ለማንም አልነገርሁትም።
ከዚያ ወዲህ ወንጌል ሲነበብ፣ መባውን ትቶ ወደ ወንድሙ ስለሚሄደው ሰው፣
«አስቀድመህ» የምትለው ቃል ከዲያቆኑ አፍ ስትወጣ
ዐይኔ ይሸሻል፤ ወደ ሰዓቴ፣ ወደ ጣራው፣
ወደ በሩ፣ ማን አርፍዶ እንደመጣ።

ጥር ነው። ከሆስፒታሉ ፌርማታ፣ በሩን ዘግቼ ልነሣ ስል
በመስተዋቱ ውስጥ አንድ ሰው ይሮጣል፣
ባርኔጣውን በእጁ ጨብጦ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ፤
የሌሊት ጽዳት ጨርሶ። ዋኘው ነው፤ ሩጫው ያስታውቃል።
ሰሌዳው «ሂድ» አለኝ። እጄ ማንሻው ላይ ደረቀ።
ዐሥር። ሃያ። አንሸራተተው፤ ወደቀ።
ተነሣ። ሠላሳ። ቁጥሩ ቀላ።
አርባ ላይ ገብቶ ተቀመጠ፣ ከወንበሬ ኋላ።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ መስተዋቱን በጣቱ መትቶ
«ጉልበቴ ነው» አለኝ።
«ደረሰኙ እኔው ኪስ ነበር» አልሁት።
«አውቃለሁ። ከመስቀል ጀምሮ። ሚስትህ ነገረችኝ።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»
«እስክትመጣ።»

መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠየቀኝ።
«ተሳፋሪ» ብዬ ሞላሁ፤
ቅጹ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የለም።

እሑድ፣ ዋኘው ከሠንጠረዡ ፊት ቆሞ፣ በጣቱ ወርዶ ወጥቶ
«ስሜን አጣሁት» አለ።
እውነቱን ነው። ሠላሳ ሁለት ሰው ስጽፍ እሱን ዘልዬዋለሁ።
እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ፤ «በረዶ» ከሚለው ሥር፣
ከስሜ አጠገብ፣ በትልልቁ ጻፈ።

ወጣን። መጥረጊያው አንድ ነው።
ከውስጥ ኪዳን ተጀምሯል፤ አርፍደናል።
ተራው የእሱ ነው፤
እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ
እጠብቃለሁ።