የሚያይ ቁም ሳጥን

ስልኩ ሲጮህ ቁርሴን አልጨረስኩም።
"ሄልዮ እባላለሁ፤ ቁም ሳጥን ላስቀባ፤ በዋጋው አንጣላም።"
"አሮጌ ነው?" አልኳቸው። "አይ፣ ያየኛል" አሉ፤
ከዚያ ጸጥታ፤ ስልኩ አልተዘጋም፤ መስመሩ ላይ ግን አሉ።

ሄድኩ። የካቲት ነው፤ የፓርኑ ባሕር በረዶ ለብሷል፤
አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለም፤ የደረጃው ጠርዝ ተበልቷል።
ባለ ሦስት በር፣ ቀይ ቡኒ፣ ግድግዳውን ሞልቷል፤
ቫርኒሹ እንደ ጠርሙስ፤ መስኮቱ ከነዛፉ ውስጡ ቆሟል።

"ሰባት ዓመት ጠበቅን" አሉ፣ "በፋብሪካው መዝገብ ሰፍረን፤
በጭነት መኪና ሲመጣ ጎረቤቱ ወጣ ሊያየን።
ኤንደል ከረባቱን የሚያስር እዚህ በር ፊት ቆሞ ነው፤
መስታወት ገዝተን አናውቅም፤ ምን ሊሠራልን? ይኸው።"

እኔ የማውቀው ሥራዬን ነው። እጀታዎቹን ነቀልኩ፤
ብሎኑን፣ እንዳይጠፋ፣ በሻይ ሲኒ አስቀመጥኩ።
ሙቅ ውሃ፣ ሶዳ፣ ጨርቅ፤ ወዙን ባጥበው ባጥበው
ውሃው ጠቆረ፤ የአርባ ዓመት ጣት፣ የአርባ ዓመት ዓሣ ጥብስ ነው።

ሰው ይቸኩላል። ቀለም ገዝቶ በሚያበራው ላይ ይለብጣል፤
በሳምንቱ፣ ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ፣ ተልጦ ይወድቃል።
የሚያብረቀርቅ ነገር መጨበጫ የለውም፤
እጅ አይሰጥም፣
እጅም አይቀበልም።

መቶ ሃያ ቁጥሩን ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ቁራጭ ጠቅልዬ፣
የእንጨቱን መስመር ይዤ፣ አፌን በጨርቅ ከልዬ፣
ሄድኩበት፣ መጣሁበት። ብርሃኑ መጀመሪያ ተቧጠጠ፤
ከዚያ ጭጋግ ሆነ፤ መስኮቱ፣ ዛፉ፣ ሰማዩ ተዋጠ።
አቧራው ቅንድቤ ላይ፣
የድመታቸው ጀርባ ላይ ተቀመጠ።

አንደኛው በር። ሁለተኛው በር።
ሦስተኛው ላይ ስደርስ "ቆይ" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ፤
ተነፈሱበት፤ በእጅጌያቸው ወለወሉ፤ ጥግ ጥጉን ዳሰሱ፤
የሻርፓቸውን ጫፍ አቃኑ፤ ከትከሻቸው ኋላ
ያለውን ቦታ ሲያዩ ቆዩ። እኔ ያየሁት የመጋረጃ ጥላ።

"ከእኔ ያጥር ነበር" አሉ። "'ጎንበስ በይ፣ ከለልሽኝ' ይለኛል፤
እኔ ደግሞ አልጎነበስም። ከረባቱ ዘወትር ይጣመማል።"
ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው "ወረቀቱን አምጣ" አሉኝ።
"ክብ አያድርጉ፣ በመስመሩ ነው" ብላቸው አልሰሙኝ።
ክብ፣ ክብ፣ ክብ፤ በአንድ አጭር ሰው ፊት ከፍታ ልክ፣
ሳያርፉ፣ ሳይናገሩ፣ ክንዳቸው እስኪል ብርክርክ።

አላረምኩትም።

የቀረውን በሁለት መቶ ሃያ ቁጥር አለዘብኩ፤
በእርጥብ ጨርቅ ጠራረግሁና ፕራይመሩን ስስ አድርጌ ለቀለቅኩ።

በማግስቱ መጣሁ። ጥግ ላይ፣ በጥፍሬ ጫፍ፣ ጫር አደረግሁ፤
አልተላጠም። ይዟል።
ክቦቹ ግን ብርሃን በጎን ሲመታቸው ከነጩ ሥር ይታያሉ፤
"የሚቀጥለው እጅ ይሸፍነዋል" ልል አስቤ ተውኩት።

እሳቸውም ምንም አላሉ።
ሲኒውን አቀበሉኝ። ቆጠርኩ። አንድ ብሎን ጎድሏል፤
ሁለታችንም ተንበርክከን ሶፋው ሥር ስንፈልግ
ድመቷ ከላይ ታየናለች።