ማዕዘን

ቫርዶ ላይ በታኅሣሥ ፀሐይ አትወጣም፤
እኩለ ቀን ቢሆን ሌሊቱ አይነጋም።
ከመስኮቱ ማዶ የባሬንትስ ባሕር ያገሳል፣
ከመስኮቱ ወዲህ አሥራ አራት ልጅ እርጥብ ካፖርቱን ይሰቅላል።

እኔ መምህርቷ፣ ቶርጉን የሚሉኝ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ ያልተለየኝ፣
«ጨዋታ ከደጅ ይቅር» ብዬ በሩ ላይ የጻፍኩ ፈርጄ፣
ዛሬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩላቸው ፈቅጄ።
ፈቅጄ አልኩ እንጂ ርእሰ መምህሩ አዞኝ ነው፤
ቁም ነገርን በጨዋታ ማስተማር፣ ለእኔ፣ ሾርባን በሹካ ነው።

ጨዋታው ይኸውላችሁ፦
ማዕበል የከበበው ቋጥኝ ላይ አንድ መርከበኛ ቀርቷል፤
ዳቦ በጆንያ ከዳር ይወረወርለታል።
ፍጥነቱ አንድ ነው፤ አንተ ማዕዘኑን ትመርጣለህ፣
ትለቀዋለህ።
ካጠረ ዓሣ በላው።
ከረዘመ ዓሣ በላው።

ሱኒቫ፣ የክፍሉ አንደኛ፣
ደብተሯ ቀይ ቀለም የማያውቀው፣
ቀመሩን ከሰሌዳው ገለበጠች፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አኖረች፣
እዚያው ቀረች።
«ብስትስ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።
ሃያ ሦስት ዓመት የዘራሁት ፍርሃት
በልጅ አንደበት መብቀሉን ያን ቀን ሰማሁት።

ኤይሊፍ ደግሞ አለ፤ ከኋላ፣ ከክፍሉ ማዕዘን፣
አባቱ ሸርጣን አጥማጅ፣ እሱ በፈተና ከሁለት የማያልፍ።
አርባ ጆንያ ዓሣ ቀልቦ አርባ አንደኛውን ሲያነሣ ያፏጫል፤
ያሳፈረው ነገር የለም።
ግን በየውርወራው ጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ይጭራል፦
«ሠላሳ፣ አጠረ። አርባ አምስት፣ አለፈ። ስድሳ...»
እርሳሱ ቆመ።
«ቶርጉን! ስድሳም ሠላሳም ለምን አንድ ቦታ ወደቁ?»

መልሱን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤
ጥያቄውን ግን ከሰው አፍ ገና ዛሬ መስማቴ ነው።
ማዕዘን ሳስተምር ኖሬ፣ ማዕዘን ሳሰላ፣
ማዕዘን የተቀመጠውን ሳላይ፣ ከኋላ።

ሱኒቫ ተነሣች። ወንበሯን እየጎተተች አጠገቡ ሄደች።
«አስተምረኝ» አለች።
«ምኑን?»
«መሳቱን።»
ሳቀ። «እሱማ ቀላል ነው፤ ተጫኚና የት እንደወደቀ እዪ።»
ተጫነች።
ጆንያው ባሕር ገባ።
የት እንደወደቀ ጻፈች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣
ከዚያ ሁለተኛውን አነሣች።

ደወሉ ተደወለ። ካፖርቱን ያነሣ አልነበረም።
መርከበኛው፣ እግዜር ይሁነው፣ ያን ቀን ጦሙን አደረ።