አንድ ክር ሲቀር

ሴገድ ክረምት ነው፤ ቲሳ ወንዝ ጠጥሯል፤
ከአራተኛው ፎቅ ላይ አንድ መብራት ቀርቷል።
ፒሮሽካ ታማስላለች የበቆሎ ገንፎ፣
ለዝንቦቿ ራት፤ እንፋሎቱ አልፎ
መነጽሯን ቢያለብስ አውልቃ ጠርጋ፣
«እርሾው መጨረሻ!» ከዚያ ዝም፤ ዓይኗ ድስቷ ጋ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለዝንብ ያበሰለች፣
አንዲትም በእጇ ዝንብ ያልገደለች፣
ዓርብ ጡረታ ትወጣለች አሉ።
ዓርብ መጣ፤ አለች።
ዓርብ ሄደ፤ አለች።

እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብያለሁ።
በጤፍ ግማሽ ዕንቁላል፣ በማይታይ ጓዳ፣
እህትማማች ቆመው በመለያ ሜዳ፤
ሐብለ በራሂ ናቸው፣ መንትያ መንትያ፣
አንድ ቀለበት ያሰራቸው በጋራ መታጠቂያ።
ከሁለቱም ዋልታ ክር ይወረወራል፣
ይህችን ወደ ቀኙ፣ ያችን ወደ ግራ ገትሮ ይወጥራል።
ስለቱ ግን ገና ሰገባው ውስጥ አለ።
ለምን?
አንዷ ክር አልያዘች፤
አንዷ ስላልደረሰች ሁሉ ተንጠለጠለ።

ዘብ አለ፣ በራሂ የቀጠረው፤
«ቆይ፣ አንዷ ቀርታለች» ማለት ነው ሥራው።
ስትደርስ፣ ስትያዝ፣ ዘቡ ፈቀቅ ይላል፤
ስለቱ ይመዘዛል፣ ቀለበቱ ይበጠሳል፤
ይህች በዚህ፣ ያች በዚያ።
ሻዬ ገና ትኩስ ነው።

በዚያኛው ብልቃጥ ግን፣ ወረቀቱ «ግትር» በሚለው፣
አንዲት ፊደል ጎድላ ስለት ሠሪው በራሂ ዝም ባለው፣
ክሮቹ ይስባሉ፣ ይስባሉ፣ ይስባሉ፤
እህትማማቾቹ እንደተቃቀፉ ይቀራሉ።
ፍቅር ይመስላል። አይደለም።
ህዋሱ ይወፍራል እንጂ አይከፈልም።

በሦስተኛው ብልቃጥ ዘብ የሚባል የለም።
ስለቱ ይቸኩላል፤ አንዱ ቤት ሁለቱን ይወርሳል፣
አንዱ ቤት ባዶውን ያድራል።
«የትኛው ይከፋል?» ብዬ ጠየቅሁ።
አለቃችን ቦግላርካ ቀና ሳትል፣
«እሱን ተወውና ቁጠር» አለችኝ።

ሰኞ። ፒሮሽካ ቁልፉን አልሰጠችኝም።
የጋዙን መዝጊያ አሳይታኛለች፤ የሚያፈሰውን ጎማ፤
የቀዝቃዛውን ክፍል ማብሪያ፣ እንዴት እንደሚዳሰስ በጨለማ፤
የማይታጠበውን ድስት፣ የማይታመነውን ሚዛን።
«ሌላ ምን ቀረ?» አልኳት።
ጣቷን ወደ ድስቱ ቀስራ፣ «ጆሮህ» አለች።

ገንፎ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፤
ቶሎ ቶሎ ማለቱን ትቶ፣ እያረፈ፣ ከሆዱ ይተነፍሳል።
እኔ አልሰማሁም።
ማክሰኞም አልሰማሁም።
ረቡዕ የሰማሁ መስሎኝ «አሁን» አልኩ፤
ራሷን ነቀነቀች፣ ሦስት መቶ ብልቃጥ ውሃ ቋጠረ።
ኮቷን ሰቅላ እንደገና ማማሰያ ያዘች።

ሐሙስ ማታ፣ እጄ ዝሎ፣ ስለ ሌላ ነገር ሳስብ፣
ድስቱ ድምፁን አወፈረ።
«አሁን!» ብዬ እሳቱን አጠፋሁ። ቀና ስል
ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበረ።
ኮቷ መስቀያው ላይ አልነበረም።

በመስኮት አየኋት፤ ድልድዩን ስትሻገር፣
እጆቿን ኪሷ ከትታ፣ ሳትቸኩል፤
ከስሯ የቲሳ በረዶ መሰንጠቅ ጀምሯል።
ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ድስቱ እየቀዘቀዘ ነበር።
ዞርኩ።
እርሾውን ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ።