ዜሮ የሚባል ሰው

ሐሙስ ገበያ ተበትኖ፣ የሂርማታ ጭቃ ብቻ ቀርቶ፣
ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እንደ ባቄላ ተደፍቶ፣
አክስቴ ነጅሚያ የማር ጣሳዎቿን ከድና፣
«እስቲ የኪቶ ፉርዲሳው ተማሪ፣ ወዲህ ና።
አራት ዓመት ሙሉ የተማርኸው ነገር
ለእኔ መደብር ምን ይሠራል? ተናገር።»

ደብተሯን አወጣች፣
ጠርዙ በማር የተጣበቀ፤ ስም ከላይ፣ ዕዳ ከታች።
«ከነዚህ ሁሉ ባለዕዳዎች የቀለለበት ማነው?
መጀመሪያ እሱን ልጠይቅ፤ የከበደበትን ልታገሠው።»

ላፕቶፔን ጣሳ ላይ አስቀመጥሁ፤
ስሙን በስም፣ ብሩን በብር አስገባሁ፤
ዕዳ ነውና ከየቁጥሩ ፊት የመቀነስ ጭረት አኖርሁ።
ሲቀነስ መቶ ሃያ። ሲቀነስ ሦስት መቶ አምስት። ሲቀነስ ሰባ።
ሠላሳ አንድ ሰው፣ ሁሉም ከዜሮ በታች፣
እንደ ቦዬ ጉማሬ
ከውሃው በላይ ጆሮ እንኳ ሳያወጣ።
እዚያ ታች፣ ትልቅ የሚባለው
ለውሃው ፊት የቀረበው ነው፣ ዕዳው የቀለለው።

ሥራው ከባድ አይደለም፦
«ትልቁ» የሚባል አንድ ጣሳ ትይዛለህ፣
በሰልፉ አንድ ጊዜ ታልፋለህ፣
እያንዳንዱን «ከያዝሁት ትበልጣለህ?» ትላለህ።
የበለጠ ይገባል፣ የነበረው ይወጣል፤
ሰልፉ ሲያልቅ ጣሳው ውስጥ የተገኘው መልስ ይባላል።
ለአንድ ትልቅ ብለህ ሁሉን በቁመት አታሰልፍም።

እኔም እንደ ልማዴ
ጣሳውን በዜሮ ጀመርሁ።
ተጫንሁ።

ትልቁ፦ ዜሮ።

አክስቴ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች።
«ዜሮ ደግሞ ማነው? የሰቃ ሰው ነው የሰርቦ?
እኔ ዜሮ ለሚባል ሰው ማር ሰፍሬ አላውቅም፤
እሱም አንድ ቀን ደጄን አልረገጠም።»

ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ አፈርሁ።
ሠላሳ አንድ ሰው ስጠይቅ አምሽቼ
ዘውዱን ከሰልፉ ውጪ ለቆመ ደፋሁ።
ባዶውን ካስቀደምኸው እንዲህ ነው፤
ያልተበደረ፣ ያልቀመሰ፣ ያልኖረ
ያለውን ሁሉ ይበልጠዋል።

መብራት ሄደ። ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ።
«ታዲያ ከማን ልጀምር?» አልኋት።
«ከፊተኛው ነዋ! እኔ ቅል ስመርጥ
አንዱን በእጄ አንሥቼ ነው፤
ከአየር ጋር አላስተያይም።»

የስልኳን መብራት ደብተሩ ላይ አሳረፈች፤
እኔ የዘለልሁትን፣ ማር ከሽፋኑ ጋር ያጣበቀውን ገጽ
በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠች።
አንድ መስመር ብቻ ነበረበት።
«ኑሪ አባ ጌሮ፣ አርባ ብር።»

አባቴ።

«ሦስተኛ ክፍል ሆነህ» አለች፣ «ያ ሳል የያዘህ ጊዜ ነው።
ወንድሜ ነህ፣ ውሰድ ብለው፣ ጻፊው ብሎ አስጻፈኝ።»

ጣሳው ውስጥ ሲቀነስ አርባን አኖርሁ፤
ሰልፉን እንደገና ከላይ ጀመርሁ።
መቶ ሃያው መጣ፣ አልበለጠውም።
ሰባው መጣ፣ አልበለጠውም።
ሃያ ሦስተኛው ላይ ዘበኛው ዲማ፣
እሱም አርባ።
እኩል ነው፤ እኩል ደግሞ መብለጥ አይደለም።
ከምልክቱ ሥር አንዲት ጭረት ብጨምር
አባቴ ወጥቶ ዲማ ይገባ ነበር።
አልጨመርሁም።

ሰልፉ አለቀ። ባትሪው አራት በመቶ።
ትልቁ፦ ኑሪ አባ ጌሮ።

ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ፤
አዌቱ ከድልድዩ ሥር ሲያጉረመርም ይሰማል።
«ልሰርዘው?» አልኋት፤ «ከእንግዲህ ማን ይከፍላል?»

ደብተሩን ከእጄ ወሰደች፣
የተላጠውን ገጽ በመዳፏ ዳበሰች።
«ነገ ዲማን እጠይቀዋለሁ። እሱን ተወው።
እሱን ከሰረዝህ
ከማን ልትጀምር ነው?»