ቁርጥ

ቀን ተቆረጠልን፤ ማክሰኞ ጠዋት፣
ሰቃ ከተማ ዳር፣ ከኅብረት ሥራው ቤት፣
ድጎማ ሊከፈል፦
ያረጀ ቡናውን በመጋዝ ላወረደ፣
ሦስት ዓመት ለሚጦም፣ ለአንድ ጉቶ ይህን ያህል።

ገንዘብ ያዡ ሲራጅ ደረሰኝ ይቆርጣል፤
ከዚያው ላይ ለመንገድ መዋጮ ይቆረጣል፣
ለስፖርት፣ ለአዳራሽ፣ ላልገባንም ነገር ትንሽ ይቆረጣል፤
የተረፈው በመስኮት ይሰጣል።

እኔ በሩ ጥግ ነኝ፣ መዝገብ በብብቴ፣
የቀበሌው ባለሙያ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ።
ጉቶ ለጉቶ ዞሬ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

«ለሽማግሌ ዛፍ መድኃኒቱ መጋዝ ነው» እያልኩ
ጥርን ሙሉ ሰበክሁ፤
«ከአፈር ክንድ ያህል ትታችሁ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ፣
ውሃ እንዳይተኛበት።»
ሰው ሰማኝ፤ አንገቱን ነቀነቀ፤ ወደ ቤቱ ገባ።
አዴ መፍቱሃ ግን ሁለት ቀን ዝም አለች፤
በሦስተኛው መጋዙን ከልጇ ነጠቀች፣
አማቷ የተከለውን፣ ባሏ ያረመውን
አንድ በአንድ አስተኛች።
«ከቆረጡ ወዲያ» አለች፣ «ማመንታት ምን ሊሆን!»

ሚያዝያ ላይ ልቆጥር ሄድኩ።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።
ጽፌ ቀና ሳልል ዝናቡ
እንደ ባለዕዳ ፈላጊ፣ ደጅ ሳያንኳኳ ገባ፤
የመጨረሻዋ ሁለት ሰማያዊ ሆና
በወረቀቱ ጠርዝ ወርዳ ቦት ጫማዬ ላይ ጠፋች።
ወረዳ ላይ የገለበጠው ልጅ ያየውን ጻፈ፦
ሃያ አንድ።
እኔም ፈረምኩበት። ባጃጁ ውጭ ይጮህብኝ ነበር፤
አላነበብኩም።

«ተማም አባ ጊዲ!»
ሦስት መቶ ጉቶ። የኮሚቴው አማች።
የእሱ ቡና እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ዝንጀሮ ይወዛወዝበታል፤
መጋዝ የሚያውቀው በወሬ ነው።
አሻራውን አሳርፎ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ።

«መፍቱሃ አባ ቡልጉ!»
ሃያ አንድ።
አውራ ጣቷ ቀለም ላይ ትንሽ ቆየ።
ብሩን ቆጠረች፤ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ደግማ ቆጠረች፤
ከዚያ ሲራጅን ሳይሆን እኔን አየችኝ።
ለአቤቱታ የተሰጠው ቀን ትናንት አልቋል፤
ይህንን የምነግራት እኔ ነበርኩ።
አልነገርኳትም።
«በቃ፣ ቁርጤን አወቅሁ» አለች፤
በሻሿ ጫፍ ቋጥራው ሄደች።

ለወረዳው ደብዳቤ ጻፍኩ። «ይታያል» አሉኝ።
ሁለተኛ ጻፍኩ። «ይታያል አልንህ እኮ!»
ሰኔ ገባ። የሚያይ ዓይን ከየት ይምጣ?

አንድ ቀን፣ ተስፋ ቆርጣ ይሆናል ብዬ፣
የምናገረውን ሳልይዝ ወደ ማሳዋ ወጣሁ።
ከዋንዛው ጥላ ሥር ጎንበስ ብላለች፤
ከየጉቶው ጎን አምስት ስድስት ለምለም ጣት ወጥቷል፣
እሷ ቀጫጮቹን ትቆርጣለች፣ ጠንካሮቹን ትተዋለች፤
እኔ ያስተማርኳት ነው፣ ከእኔ ይልቅ ግን እጇ ያውቃል።

ዞር ብላ አላየችኝም።
«መጣህ? በል ቁጠር፣» አለች፤
«ዛሬ ዝናብ የለም።»

እስክሪብቶ ሳላወጣ ጀመርኩ፣
ከጉቶ ጉቶ እየተራመድኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ተማሪ።
ሃያ አንድ ላይ ስደርስ
ድምፄ ተቆረጠ።

«ሃያ ሁለት፣» አለች እሷ።