የተቃጠለው አንሶላ

አፉላ ሲነጋ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ምድር ቤቱን ሞልቶ እንፋሎት ሲንሳፈፍ፣
እኔ፣ ሉድሚላ፣ ይታይሽና ሰሚራ
የሆስፒታሉን ሌሊት እናጥባለን በየተራ።

የድሮው ኀላፊ ከመስታወት ኋላ፣
ስማችንን ሳያውቅ፣ ቆጥሮን እንደ አንሶላ፣
ሻይ ይጠጣ ነበር። እኛም እንደ አቅማችን
ያሳረርነውን ልብስ ከክምሩ ሥር ቀብረን ዝም ነበር ሥራችን።

ማክሉፍ ተተካ፤ ሽበታም፣ ጉልበቱን የሚያመው።
«ከዚህ ቤት ሥራ ውስጥ ክፉው የትኛው ነው?»
ዝም አልን። ወጥመድ መሰለን ጥያቄው።
ይታይሽ በአገጯ ወደ ጥግ አሳየች፤
የደም አንሶላ ከመርፌ የሚለይባት ገበታ እዚያ ነበረች።
ወፍራም ጓንት አጠለቀ፣ ቆመ ከገበታው።
«ሦስት ቀን ነው» አልን፣ «ጉልበቱ እስኪረታው።»

ወር ሆነ። ዓመት ሆነ። ይጮህብናል አንዳንዴ፤
ቡድኑ ሲሸነፍ ያኮርፋል፤ መልአክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ እንዴ?
ከዚያች ጥግ ግን ንቅንቅ የለም፤
መርፌ ሁለቴ ወጋው፤ ለማናችንም አሳልፎ አልሰጣትም።

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ከጦር ሰፈር ደወለ፤
እሱን ሳዳምጥ መተኮሻው አንሶላ አቃጠለ።
እጄ መንገዱን ያውቃል፤ ወደ ክምሩ ሥር ሄደ፤
ምን እንደያዘው እንጃ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ከበደ።
«ማክሉፍ፣ እኔ ነኝ» አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ።
አንሶላውን ዘረጋው፣ ዐይኑን አሾለከ በቀዳዳ፣
አየኝ።
«ልጅሽ ደህና ነው?» ሌላ ቃል አልወጣውም።

ይታይሽ ሰምታ ኖሯል፤ በማግስቱ፣ ከልብስ ሳጥኗ ኋላ
ጎትታ አወጣች፣ የታቻምናውን፣ የከሰለ አንሶላ።