አቾቶ

ካርድ ክፍሉን አልፎ፣ በስተግራ በኩል፣
በሯ ላይ በከሰል «ሰባት» የተጻፈባት ክፍል፤
አንድ አልጋ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ጠርሙስ አቾቶ፣
አንድ መዝገብ ደግሞ፣ ገጹ ተራቁቶ።

ዕቅዱ አርባ ይላል፣ በወር አርባ ሴቶች፤
እኔ የጻፍኩት ግን ሦስት ብቻ ስሞች።
ከሦስቱም አንዷ መኪያ ናት፣ የጽዳቷ፣
ለምኜ ያስገባኋት በምሳ ሰዓቷ።

ከጽሕፈት ቤት ተደወለ፤ «ግንዛቤ ፍጠሩ» አሉን።
ፈጠርን።
ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስረን መርካቶን ዞርን፣
ወረቀት ለጠፍን፣
የጅማ ዝናብ ልጦ በቦይ ሲወስደው ቆመን አየን።

መስማትስ ሰምተዋል። ልጅ ሊያስከትቡ ይመጣሉ፣
«ሰባት ቁጥር» ስላቸው ሻሽ ያጠብቃሉ፦
«ዛሬስ አልተመቸኝ፣ ሕፃን አለ ቤቴ»፣
«ምንም አያመኝም፣ ጤነኛ ነኝ እቴ»፣
«ስሙን አትጥሪብኝ፣ ስሙ ራሱ ያማል፣
የተኛ አውሬ ቀስቅሶ ማን እንቅልፍ ይተኛል?»

እውነቱን የነገረችኝ ዙበይዳ ናት፣ አቮካዶ ሻጯ፣
ቅርጫቷን ደጃፌ አውርዳ፣ በአገጯ እየጠቆመች፦
«አልጋሽ ፊቱን ለበሩ ሰጥቷል፣
በሩ አይዘጋም፣ መቀርቀሪያው ወልቋል፣
ኮሪደሩ ሙሉ ሰው፣ ግማሹ የሰፈሬ።
ሲስተር፣ እኔ ሞት አልፈራም።
ለአላፊ አግዳሚ ግን እግሬን አልከፍትም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስመረምር የማኅፀን በር፣
የራሴን በር አላየሁትም ነበር።

አልጋውን ከመኪያ ጋር ገፋን።
መቀርቀሪያውን ከኪሴ ገዛሁ።
መከለያውን ግን «በሚቀጥለው በጀት» አሉኝ።

አናጢው አባ ዲኮ ዘንድ ሄድኩ፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሚደረደርበት ደጅ።
«የሚታጠፍ፣ ባለ ሦስት ገጽ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ።»
ለምን እንደሆነም ነገርኩት።
መላጊያውን አቆመ። የዋንዛ ፍቅፋቂ ከጉልበቱ አራገፈ።
«ሐዋን ይዘን ሆስፒታል ስንደርስ፣
‹እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?› አሉን» አለኝ።
ሌላ አልጨመረም። ዋጋም አልጠራም።

በሳምንቱ በጋሪ አመጣው፣ በላስቲክ ጠቅልሎ።
ስናቆመው ከወለሉ ስንዝር ጎደለ።
«አጥሯል» አልኩት።
«አላጠረም። ወለል ስታጥቡ እንጨት ውኃ ይጠጣል፤
ደሞስ በስንዝር ቀዳዳ የሰው ምኑ ይታያል?
ጫማው። ጫማ አያሳፍርም።»

መጀመሪያ ዙበይዳ ገባች።
ጥጡን ስነክር አሸተተችና፣
«ውይ! ይሄ እኮ የሰላጣው አቾቶ ነው!
ሰላጣ ልታደርጊኝ ነው?»
ሳቋ ኮሪደሩን አልፎ ካርድ ክፍል ደረሰ።
«እሱው ነው። ቀብተን እንጠብቃለን፣ አንዲት ደቂቃ፤
ነጭ ካልታየ ትሄጃለሽ፣
ከታየም እዚሁ ይተኮሳል፣ አውሬው ሳይነቃ።»

በማግስቱ ሁለት መጡ።
ከዚያ ሳምንት ሙሉ ማንም።

ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ረውዳ የምትባል፣
ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች፣
ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ቀለል አድርጋ፣
«አንቺስ ታይተሻል?» አለችኝ።

አልታየሁም።
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ለሰው መብራት ስይዝ፣
የኔ ተራ ሁልጊዜ ነገ ነበር።

ጓንቴን አውልቄ ተረፈችን ጠራኋት።
ተጋደምኩ።
መብራቱ ወደ እኔ ሲዞር ሙቀቱን አወቅሁት፣
የብረቱንም ብርድ።
«ትንፋሽሽን ልቀቂ» አለችኝ፤
የራሴ ቃል ነው፣ በሰው አፍ ሲመጣ ትእዛዝ ይመስላል።

አቾቶው ቀዘቀዘኝ።
ደቂቃዋ ረዘመች፤ የዋንዛውን ጅማት መቁጠር ያዝኩ።
ከወዲያ በኩል ሹክሹክታ መጣ፦
«ማን ናት የገባችው?»
«ጫማውን አታዪም? ያ አረንጓዴ ላስቲክ፣ የሲስተር ነው።»
«የሷ?»
«የሷ።»
ዝም አሉ።

ቅርጫት መሬት ሲነካ ሰማሁ፤
አግዳሚው ወንበር ጢጥ አለ፤
አንዷም ጉሮሮዋን ጠራርጋ፦
«ከማን ቀጥሎ ነው ተራው?»